የተፈጥሮ ሀብት፣ የጎረቤት ፖለቲካና ጦርነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምናካሂደው የንባብ ውይይት ላይ ርዕሱ ነዳጅ፣ ወርቅ ወይም ውሃ ከሆነ ትርፍ ወንበር አይገኝም። ተማሪውም፣ ጡረተኛውም፣ ከፒያሳ ወርቅ ቤት ሥራ ጨርሶ የሚመጣውም ዞሮ ዞሮ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። በየሳምንቱ ከመድገም አንድ ቦታ መጻፉ ይሻላል ብለን አሰባሰብናቸው። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሀብት ያለው አገር ሁሉ ለምን ይታመሳል?

ሁሉም አይታመስም። ቦትስዋና ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በዓመቱ ኦራፓ በተባለው ስፍራ አልማዝ ተገኘ። በዚያው በ1967 የወጣው የማዕድን ሕግ የከርሰ ምድር ሀብት መብትን ከየጎሳው አንስቶ ለመንግሥት አደረገው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ሕጉ ሲወጣ አገሪቱን የሚመሩት ፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ የባማንግዋቶ ገዥ ቤተሰብ ተወላጅ መሆናቸውና ኦራፓም በባማንግዋቶ ምድር ላይ መገኘቱ ነው። «የአባቶቼ መሬት ነው» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። ኖርዌይም የነዳጅ ገቢዋን የምታስቀምጥበትን የቁጠባ ፈንድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 አወጣች፤ ፈንዱ ውስጥ የመጀመሪያው ገንዘብ የገባው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሣጥኑና ቁልፉ ገንዘቡን ቀድመው ተሰናዱ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ናይጄሪያን እንመልከት። ኦሎይቢሪ ላይ ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956፣ አገሪቱ ገና በእንግሊዝ ሥር ሳለች ነው። ገቢው ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ መቋጫ ሳያገኝ ነጻነቱም መፈንቅለ መንግሥቱም ተከታትለው መጡ። በ1967 የምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ ብሎ ራሱን ሲያውጅ የጦርነቱ ምክንያት ነዳጅ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የፈሰሰው ደም ነበረ፣ የብሔር ፍራቻም ነበረ። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ሮያሊቲውን፣ ማለትም ከምርቱ ላይ ለመንግሥት የሚከፈለውን ድርሻ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለተቀመጠባት ለሌጎስ ይክፈሉ ወይስ ለቢያፍራዋ ዋና ከተማ ለኢኑጉ የሚለው ክርክር እሳቱ ላይ የተደፋ ነዳጅ ሆነ።

እኛ በውይይታችን የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ድርሻው ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ከተቆረጠ ሀብቱ ይለማል፤ ገንዘቡ ከቀደመ ግን ጠመንጃ የያዘውን ሰው ወደ ጠረጴዛ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ከዚህ ሐሳብ ጋር የማይስማሙ አሉ፤ ቀጥሎ ያሉትን መልሶች አንብበው ይፍረዱ።

ወርቅም ነዳጅም ሀብት ነው። ለምን አንዱ የታጠቀ ቡድን ያበዛል፣ ሌላው የሥልጣን ሽኩቻ?

ማውጫ መሣሪያውን ማየት ነው። ወርቅን ከወንዝ ዳር አሸዋ ለመለየት አካፋ፣ ገበቴና ጉልበት ይበቃል። ምርቱ በኪስ ይወጣል፤ ድንበርም በእግር ይሻገራል። ስለዚህ አንድ የጦር አዛዥ ጥቂት ሰዎች ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከቆመ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ግን የቁፋሮ ማሽን፣ መሐንዲስ፣ የማስተላለፊያ ቧንቧ፣ ወደብና ከሁሉም በላይ ውል የሚፈርም መንግሥት ይፈልጋል። ነዳጁን የሚመኝ ኃይል ወይ ቤተ መንግሥቱን ይይዛል፣ ወይ «የራሴን መንግሥት ልመሥርት» ይላል። ሴራሊዮን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለዓመታት የተካሄደው ጦርነት በወንዝ አልማዝ ሲደጎም ቦትስዋና የዳነችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፦ የእርሷ አልማዝ ያለው ጥልቅ አለት ውስጥ ነው፤ በወንፊት አይለቀምም።

ፒያሳ ከሚገኙት ወርቅ ቤቶች ወደ አንዱ አሮጌ ቀለበት ሊሸጥ የገባ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ባለሙያው ቀለበቱን ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሻሽና በቀረው ቢጫ ጭረት ላይ ጠብታ አሲድ ያደርግበታል። ጭረቱ ፈጥኖ ከደበዘዘ ወርቁ ዝቅ ያለ ነው፤ ከጸና ባለ 18 ነው ወይስ ባለ 21 ካራት የሚለውን ይለያል። ድንጋዩ የወርቁን ጥራት እንጂ አገሩን አይናገርም። ከጉጂም ይምጣ ከዳርፉር፣ በሰላም ይመረት በሰው ደም፣ አንዴ ከቀለጠ ወርቅ ያው ወርቅ ነው። የጦርነት ወርቅን ከገበያ መለየት እንዲህ አስቸጋሪ የሆነውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ዳርፉርን ያነሣነው በምክንያት ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡቡ ሲገነጠል ከነዳጇ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። ወዲያው ፊቷን ወደ ወርቅ አዞረች፤ በ2012 በሰሜን ዳርፉር ጀበል አሚር የተገኘው ወርቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቆፋሪዎችን ሳበ፣ ጎሳ ከጎሳም አጋደለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስፍራው ፈጥኖ ደራሽ በተባለው የሱዳን ታጣቂ ኃይል እጅ ገባ። አንድ የታጠቀ ኃይል ከመንግሥት ግምጃ ቤት ውጭ የራሱ ገቢ ሲኖረው ለመንግሥት የሚታዘዝበት ምክንያት ይቀንሳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ በፈነዳው ጦርነት መደበኛው ጦርና ፈጥኖ ደራሹ የተጋጠሙት ሁለቱም የየራሳቸው ኪስ ስለነበራቸው ጭምር ነው።

የእኛስ ወርቅ? በአንድ ዓመት እንዴት ቡናን በለጠ?

በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከወርቅ ያገኘችው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ቡና ከዚያ በታች ቀረ። ምርቱ አድጓል፣ የዓለም ዋጋም ንሯል፤ ዋናው ለውጥ ግን የመንገድ ለውጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ባህላዊ አምራቹና ደላላው በባንክ ዋጋና በጥቁር ገበያ መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት ያሰላሉ፤ ስሌቱም ወርቁን በኮንትሮባንድ ወደ ድንበር ይነዳው ነበር። ልዩነቱ ሲጠብ ወርቁ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። ጠመንጃና ኬላ ያላቆሙትን ዋጋ አቆመው። እንዲህም ሆኖ ባህላዊ ቁፋሮ ባለባቸው ወረዳዎች ፈቃድ ማን ይሰጣል፣ ጉድጓዱን ማን ይጠብቃል፣ ወንዙን ማን ያጸዳል የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም።

ደቡብ ሱዳን ነዳጅ እያላት ለምን ድሃ ሆነች? ስምምነቱስ ለምን ሁልጊዜ አዲስ አበባ ላይ ይፈረማል?

ይህ ጥያቄ ረጅም መልስ ይፈልጋል፤ የተፈጥሮ ሀብት ፖለቲካን ከእርሱ በላይ የሚያስተምር ታሪክ በአካባቢያችን የለም።

የመጀመሪያው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1972 እዚሁ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ሸምጋይነት በተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት ነው። ደቡቡ የራስ አስተዳደር አገኘ፤ ለአሥር ዓመት ያህልም ሰላም ሆነ። ከዚያ በ1978 ቼቭሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደቡብ ውስጥ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ አገኘ። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የነዳጁን ወረዳ ከደቡብ ቆርጠው ለማውጣት ሞከሩ፤ ማጣሪያውም በሰሜን እንዲሠራ አቀዱ። በ1983 ደቡቡን ሦስት ቦታ ሲከፍሉት የአዲስ አበባው ስምምነት ሞተ፤ ጦርነቱም ተመልሶ መጣና ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ምክንያቱ ሃይማኖት ነው የሚሉ አሉ፤ ሃይማኖትም አለበት። ይሁን እንጂ በስምምነቱ ውስጥ ስለ ከርሰ ምድር ሀብት የጠራ ድርሻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ኒሜሪ ያን ያህል አይደፍሩም ነበር ብለን እናምናለን።

በ2005 በተፈረመው የሰላም ስምምነት የደቡቡ ነዳጅ ገቢ ከሞላ ጎደል እኩል ለእኩል ተከፈለ፤ ለጊዜውም ሠራ። ሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ ስትወጣ ግን ጉድጓዱ በአንድ አገር፣ ቧንቧውና ወደቡ በሌላ አገር ቀረ። ለመሆኑ አንድ በርሜል በቧንቧው ለማለፍ ስንት ይከፍላል? ካርቱም እስከ 36 ዶላር ጠየቀች፤ ጁባ ከአንድ ዶላር በታች አቀረበች። ሳይስማሙ ሲቀሩ ካርቱም ነዳጁን በጉልበት መውሰድ ጀመረች፤ ጁባ ደግሞ ጥር 2012 ላይ ጉድጓዶቿን በሙሉ ዘጋች። በቀን 350 ሺህ በርሜል ገደማ የሚያወጣና ከመንግሥት ገቢው 98 በመቶ ያህሉ ነዳጅ የሆነ አገር በገዛ እጁ ደሙን አቆመ። ሚያዝያ ላይ የደቡቡ ጦር ሄግሊግ የተባለውን የነዳጅ ስፍራ ያዘ፤ ሁለቱ አገሮች ሙሉ ጦርነት አፋፍ ላይ ደረሱ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ በአፍሪካ ኅብረት ስም በታቦ ምቤኪ የተመራው ድርድር በአዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ወራት ፈጀ። አልበሽርና ሳልቫ ኪር የፈረሙት እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2012 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት። ከተማው ሰው በየቤቱ በዓሉን ሲያከብር ሁለቱ መሪዎች የበርሜል ሒሳብ ይዘጉ ነበር። ቁጥሩም ይታወቃል፦ እንደ ቧንቧው መስመር በበርሜል ከ9 እስከ 11 ዶላር ለማቀነባበሪያና ለማስተላለፊያ፣ በተጨማሪም ሰሜኑ ላጣው ገቢ ማካካሻ በድምሩ ከ3 ቢሊዮን ዶላር ጥቂት የሚያልፍ ክፍያ።

ስምምነቱ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ሒሳብ ዘጋ፤ በጁባ ውስጥ ያለውን ግን አልነካም። ገቢው ሁሉ በአንድ ቧንቧ የሚገባበት መንግሥት ውስጥ ከሥልጣን መውረድ ማለት ከገቢ ሁሉ መውረድ ነው። ታኅሣሥ 2013 ገዥው ፓርቲ ሲሰነጠቅ ጦርነቱ ወደ ቤት ገባ፤ ውጊያው ከተጠናከረባቸው ስፍራዎች ዋነኞቹም የነዳጅ ግዛቶቹ ነበሩ። በ2018 የታደሰው ስምምነትም የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት ቧንቧው ተበላሸና የላይኛው ናይል ነዳጅ ለወራት ወደ ውጭ መውጣት አቆመ፤ የጁባ ወታደርና አስተማሪ ያለ ደመወዝ ከረሙ።

ለምን አዲስ አበባ ለሚለው፦ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ መሆኗ፣ ሁለቱም ተፋላሚዎች ኤምባሲ ያላቸው መሆኑ፣ ኢትዮጵያም የሁለቱም ጎረቤት ሆና መቃጠሉ የሚደርሳት መሆኑ ነው። ሁለቱም አገሮች የእኔ ናት በሚሏት በአብዬ ላይ በ2011 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ሰላም አስከባሪ ሆነው የዘመቱት የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሆቴል አላት።

የዓባይ ጉዳይ የውሃ ነው ወይስ የሥልጣን?

ውሃው ሰበብ አይደለም፤ ግብፅ የምትጠጣውም የምታርሰውም በእርሱ ነው። ሆኖም የሕዳሴ ግድቡ ውሃ አይጠጣም፤ ተርባይኑን አዙሮ ይለቃል። ክርክሩ የሚከረው በድርቅ ዘመን ምን ያህል ይለቀቅ፣ ውሳኔውስ የማን ይሁን በሚለው ላይ ነው። እጀታውን የሚይዘው ማን ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ ሲካፈሉ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጻፉ፤ ቀሪው በትነት የሚሄድ ተባለ። ከውሃው 85 በመቶ ያህሉ የሚመነጭባት አገር አልተጠራችም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው የአዲስ አበባ ነዋሪም ሲሰማው ይስቃል። አበዳሪዎች እጃቸውን ሲሰበስቡ ግድቡ በአገር ውስጥ ገንዘብ ተሠራ፦ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የወር ደመወዙን የሰጠ፣ ቦንድ የገዛና የቦንዱን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ያኖረ ቤተሰብ በየሰፈሩ አለ። ይህ ድርድሩንም ለውጦታል። የአንድ መንግሥት ፕሮጀክት ቢሆን ኖሮ መንግሥት ሲለወጥ አቋሙም ሊለወጥ ይችል ነበር፤ የሕዝብ ቁጠባ ያለበትን ግን ማንም ተደራዳሪ በቀላሉ አይሰጠውም።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ አለው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.)፣ የናይል የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በደቡብ ሱዳን ማጽደቅ በሥራ ላይ ውሏል፤ ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም። ኬንያ፣ ጅቡቲና ሱዳን ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ይገዛሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ በአካባቢው ከውሃው ኪዳን ይልቅ የኤሌክትሪክ መስመሩ የበለጠ ያስራል ብለን እንገምታለን፤ መብራቱ የሚመጣበትን ጎረቤት መተናኮል ወጪ አለውና።

ቀጣዩ ጦርነት በውሃ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

እስካሁን ውሃ ብቻውን ያስነሣው የአገሮች ጦርነት ለማግኘት ወደ ጥንታዊቷ ሜሶፖታሚያ መመለስ ግድ ነው። ውሃ አገሮችን አብዝቶ ያጨቃጭቃል፤ ወደ ጦርነት ሲገፋ ግን እምብዛም አልታየም። በመንደር ደረጃ፣ በጉድጓድና በግጦሽ ላይ የሚሞተው ሰው ግን ብዙ ነው፤ ዜና ስለማይሆን ነው የማንቆጥረው።

የኢትዮጵያ ሕግ የከርሰ ምድር ሀብት የማን ነው ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ላይ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ከከፍተኛ የማዕድን ሥራና ከማናቸውም የፔትሮሊየምና የጋዝ ሥራ የሚገኘውን የገቢ ግብርና ሮያሊቲ ደግሞ በአንቀጽ 98 መሠረት የፌዴራል መንግሥትና ክልሉ በጋራ ይጥላሉ። ከወረቀት አንጻር ድርሻው ከብዙ ጎረቤቶቻችን የተሻለ ተጽፏል። ችግሩ ወረዳው ጋ ሲደርስ ነው፦ ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ቀበሌ ነዋሪ የሚያየው የኩባንያውን አጥርና አቧራውን ነው።

የኦጋዴን ጋዝ ታሪክ ይህን ያሳያል። ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ነው። ከዚያ የሶማሊያ ወረራ መጣ፣ መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ኩባንያዎች ገብተው ወጡ። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. አቦሌ ላይ በቻይና ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ በደረሰው የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ገና አንድ ሊትር ሳይሸጥ ነው ይህ ሁሉ የሆነው፤ ለጦርነት የሀብት ተስፋ ብቻውን በቂ መሆኑን ያየንበት ነው። ግንባሩ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አስመራ ላይ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመ፤ የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ የጋዝ ማምረቻ የተመረቀው መስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ።

ኮንጎ ያለው ጦርነት ከእኔ ስልክ ጋር ምን አገናኘው?

ስልክ ውስጥ ታንታለም የተባለ ብረት አለ፤ ከኮልታን ይወጣል። ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ ያለው የሩባያ የኮልታን ማውጫ በ2024 ኤም23 በተባለው አማፂ ቡድን እጅ ገባ፤ ጥር 2025 ላይ አማፂዎቹ የጎማን ከተማ ያዙ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ሩዋንዳ ከአማፂዎቹ ጀርባ አለች፣ ማዕድኑም በእርሷ በኩል ይወጣል ብለው ደጋግመው ዘግበዋል፤ ሩዋንዳ ትክዳለች። በዚያው ዓመት ሰኔ ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው የኮንጎና የሩዋንዳ ስምምነት የሰላም ሰነድ ሆኖ ሳለ የማዕድን ንግድም በውስጡ አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ኪንሻሳ በምሥራቁ ላይ የጠና መንግሥት ቢኖራት ኖሮ ጎረቤትም ኃያልም በአጥሯ ላይ እንዲህ አይሰለፍም ነበር።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ማዕድን አላት?

አላት። ጉጂ ዞን ቀንጢቻ ላይ ታንታለም ሲመረት ቆይቷል፤ ሊቲየምም አለበት።

ሩቅ አገር ያለ የነዳጅ ፖለቲካ አዲስ አበባን ይነካል?

የነካበት ቀን በታሪክ ተመዝግቧል። የዓረብ አገሮች ጥቅምት 1973 (እ.ኤ.አ.) የጣሉት ማዕቀብ የድፍድፍ ነዳጅን ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ አደረገው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. እዚህ ቤንዚን ሲጨምር የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎችም ተከተሉ። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አደረገ፣ ካቢኔውም ወደቀ። ወሎ ውስጥ ረኀብ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ቅሬታ ባይኖር ቤንዚን ብቻውን ዙፋን አይጥልም። ግን የመጀመሪያውን ክብሪት የጫረው እርሱ ነበር። ዛሬም ድረስ አገሪቱ የተጣራ ነዳጇን በሙሉ የምትሸምተው ከውጭ ነው፤ በብዛት የሚገባውም በጅቡቲ ነው። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ሾፌሩ ስለ ባሕረ ሰላጤው ዜና የሚጠይቀው ወዶ አይደለም።

ወደብስ የተፈጥሮ ሀብት ነው?

ለእኛ ክርክር ነው። ዓለም አቀፉ ሕግ ባሕሩ የባለ ዳርቻው ነው ይላል፤ ጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ያስነሣው አቧራና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሊያ ጋር በአንካራ የተደረሰበት መግለጫ ጉዳዩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አሳይተዋል። የደቡብ ሱዳኑን ቧንቧ ታሪክ ያነበበ ሰው የትራንዚት ዋጋ የሚስማሙበት ጊዜ መቼ እንደሆነ ይገባዋል፦ አማራጭ መንገድ እያለ።

የማዕድን ዜና ስሰማ ምን ልፈልግ? ከየትስ ልጀምር?

ዜናው ብዙውን ጊዜ «ይህን ያህል ቶን ክምችት ተገኘ» ይላል። ቶኑን እለፉትና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ፈቃዱ የተሰጠው ለማን ነው፣ ምርቱ በየት በኩል ይወጣል፣ ገቢው በየትኛው አንቀጽ ይከፋፈላል። ሦስቱም ካልተጠቀሱ ዜናው ገና አልተጻፈም። አዋጆቹ በነጋሪት ጋዜጣ ታትመዋል፤ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኢትዮጵያ በማዕድን ዘርፍ ግልጽነትን ለማምጣት በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ማኅበር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 እጩ አባል ከሆነች ወዲህ የወጡ ሪፖርቶችም አሉ። እነርሱን የሚያነብ ሰው ኩባንያዎቹ «ከፈልን» ያሉትንና መንግሥት «ተቀበልን» ያለውን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ሁለቱ ቁጥሮች የማይገጥሙበት መስመር ላይ ምልክት ያድርግና ቅዳሜ ይዞት ይምጣ።